ዘራፍ በኤሌክትሪክ ጊታር

«ሞዓ አንበሳ» የተባለውን አልበም ከፍቶ ሁለተኛውን ዘፈን ሳይጨርስ ያጠፋ ሰው አይፈረድበትም። የጌታቸው መኩሪያን ስም አይቶ የጠበቀው የድሮውን የአዲስ አበባ ሳክስፎን ነው፤ ለስለስ ያለ፣ ትዝታ ትዝታ የሚል። የሚሰማው ግን ሁለት ጊታሮች ቆርቆሮ ላይ እንደሚጎተት ብረት ሲንጫረሩ ነው። «ፈረንጆቹ ሽማግሌውን አበላሿቸው» ብሎ ቢደመድም አይገርምም።

ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ዘ ኤክስ እ.ኤ.አ. በ1979 ኔዘርላንድስ ውስጥ የተመሠረተ፣ ከፓንክ ተነስቶ ጫጫታን መሣሪያው ያደረገ ባንድ ነው። በ2004 ሃያ አምስተኛ ዓመቱን ሲያከብር ጋሽ ጌታቸውን አምስተርዳም ጋበዘ። እዚያ የተጫወቱት ከሌላ የጃዝ ኦርኬስትራ ጋር ነበር። የዘ ኤክስን ጨዋታ ከሰሙ በኋላ ግን ቀጣዩን ሥራ ከእነሱ ጋር ልሥራ ያሉት ራሳቸው ናቸው። አልበሙ በ2006 ሲወጣ 71 ዓመታቸው ነበር።

ለምን መረጧቸው? መልሱ ሽለላ ውስጥ ነው። ጋሽ ጌታቸው ታላቅ የተባሉት የፎካሪውን ጉሮሮ ወደ ሳክስፎን በማምጣታቸው ነው። መድረክ ላይ የጀግና ለምድና ጎፈር ለብሰው የሚጫወቱትም ለዚሁ ነበር። ፉከራ ደግሞ ለስላሳ ሆኖ አያውቅም። ፎካሪው «ዘራፍ!» ብሎ ሲነሳ መሬት ይረገጣል፣ ዱላ ይወዘወዛል፣ ተሰብሳቢው መሃል ገብቶ ይጮኻል። ማንም ተራውን አይጠብቅም።

አሁን አልበሙን እንደገና ይክፈቱት። «ጨ በለው ሽለላ» ላይ ሳክስፎኑ ድምፁን እያንቀጠቀጠ ይነሳል፤ የቴሪ ሄሰልስና የአንዲ ሙር ጊታሮች እግሩን እየረገጠ እንደሚቀበል ሰው ይመልሱለታል። የካትሪና ቦርንፌልድ ከበሮ ድቤ የሚመታ እንጂ ጊዜ የሚጠብቅ አይመስልም። ጫጫታ የመሰለው ነገር ለካ ተቀባዩ ነው።

አልበሙ እንከን የለውም ማለት አይደለም። አንዳንድ ቦታ ጊታሮቹ ከልክ አልፈው ዜማውን ይውጡታል። በ«ሙዚቃዊ ስልት» የዋሊያስ ባንድን ጨዋታ የለመደ ጆሮም ያን ልስላሴ ፈልጎ ያጣዋል። ይህ ቅሬታ ተገቢ ነው።

ተገቢ ያልሆነው ሌላ ነው። አንጋፋ ሙዚቀኞቻችንን የምንወዳቸው እንደ አልበም ፎቶግራፍ ነው፤ ሳይንቀሳቀሱ። መድረክ ላይ ስናወጣቸው የምንጠይቃቸው ያንኑ የድሮውን ዘፈን፣ እንደ ድሮው አድርገው ነው። አዲስ ነገር ቢሞክሩ «ተበላሹ» እንላለን፤ ባይሞክሩ «ጊዜያቸው አለፈ»። ጋሽ ጌታቸው በማዘጋጃ ቤት፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትርና በፖሊስ ኦርኬስትራ ዕድሜያቸውን የገፉ ሰው ናቸው። ተከብረው መቀመጥ ይችሉ ነበር። የመረጡት ግን ልጆቻቸው ከሚሆኑ የፓንክ ተጫዋቾች ጋር መፎከርን ነው። በ2012 ከዚሁ ባንድ ጋር ሁለተኛ አልበም ደገሙ።

በ2016 አረፉ። ብዙዎቻችን የምናስታውሳቸው በጥንቱ ሸክላቸው ነው፤ ደግ። ነገር ግን በሰባዎቹ ዕድሜያቸው ወደው የሠሩትን ሥራ ባዕድ ነው ብሎ መዝጋት እሳቸውን ግማሽ ማድረግ ነው። አልበሙን ሁለት ጊዜ ይስሙት። ሁለተኛውን ድምፁን ከፍ አድርገው።