የአገሩን ምድር በአገሩ መለኪያ

የካቲት 7 ቀን 2017 ዓ.ም. ሌሊት በፈንታሌ አካባቢ የደረሰው፣ መጠኑ 6.0 የተመዘገበ ርዕደ መሬት አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል። በዚያ ሰሞን ምድር በተደጋጋሚ ስትናወጥ በአፋርና በኦሮሚያ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖቻችን ከቀያቸው ተፈናቅለዋል፤ የከሰም ግድብ ይጎዳ ይሆን የሚለው ስጋትም ብዙዎችን አሳስቧል። አደጋው ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በ1953 ዓ.ም. የካራቆሬው መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ አፈራርሷል፤ በ1961 ዓ.ም. የሰርዶ ከተማ ወድማለች።

የሚቀጥለው መቼ እንደሚመጣ የሚናገር ሳይንስ የለም። ቢመጣ መሬቱ እንዴት እንደሚናወጥ ግን በኮምፒውተር አስቀድሞ ማስላት ይቻላል። ስሌቱ ሦስት ነገሮችን ይጠይቃል፦ የምድር ቅርፊት ስንጥቅ ሲንሸራተት የሚለቀውን ጉልበት፣ ሞገዱ በዓለት ውስጥ ሲጓዝ የሚዳከምበትን መጠን፣ ከሕንፃው ሥር ያለው አፈር ንዝረቱን የሚያጎላበትን ልክ።

ሦስቱም ከቦታ ቦታ ይለያያሉ። ትኩሱ የስምጥ ሸለቆ ምድር ሞገዱን ቶሎ ያደክማል፤ ቀዝቃዛና ጠንካራ ዓለት ግን ርቆ እንዲሄድ ያደርገዋል። የሐዋሳ የሐይቅ ዳር ደለልና የአዲስ አበባ መረሬ አፈርም ዓለት ላይ እንደቆመ ሠፈር አይናወጡም። የሕንፃ ደረጃችን ግን ከአውሮፓው የተወሰደ ነው። በሰው አገር መለኪያ የተሠራ ስሌት አሳንሶ ከገመተ ሕይወት ያስከፍላል፤ አጋንኖ ከገመተም የድሃ አገር ብረትና ሲሚንቶ ያባክናል።

አበው «የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ» ያሉት ለዚህም ይሠራል። መንግሥት ለአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ፣ ስፔስ ሳይንስና አስትሮኖሚ ኢንስቲትዩት በቂ በጀት ይመድብ፤ ኃይለኛ ንዝረት የሚመዘግቡ መሣሪያዎች በስምጥ ሸለቆ ከተሞች፣ በተለይም በለስላሳ አፈር ላይ ይተከሉ። ከፈንታሌው ርዕደ መሬት የተገኘው የንዝረት መዝገብ ለተመራማሪዎችና ለመሐንዲሶች ክፍት ይሁን። የግድብ፣ የድልድይና የረጃጅም ሕንፃዎች ዲዛይን የአካባቢውን ምድር ጠባይ በያዘ ስሌት ሳይፈተሽ አይጽደቅ፤ የሕንፃ ደረጃውም በዚሁ ውጤት ይከለስ።

ይህ ሁሉ ገንዘብና ጊዜ ይፈልጋል፤ የፈረሰ ከተማን መልሶ መገንባት ግን ከዚህ ይበልጥ ይከብዳል። ወገኖቻችን ቤታቸውን ያጡበት ንዝረት ቢያንስ የልጆቻቸውን ቤት ለማጽናት ይዋል።