ልጁ ሲጠየቅ ከክፍሉ እንውጣ

እኩዮቼ፣ የእድር ጓደኞቼ፣ ልጅ ድረን የልጅ ልጅ ለማየት የበቃን ሁሉ፤ ይህን የምጽፍላችሁ ላስጠነቅቃችሁ ነው። ነገሩ የአባላዘር በሽታ ነው። በሽማግሌ ፊት ስሙ አይነሳም እያልን የሸሸነው ጉዳይ ልጆቻችንን አልሸሻቸውም። የሥራ ዘመኔን በጤና ሙያ ያሳለፍኩ ሰው ነኝ። የደም ናሙናውንም የመጠይቁንም ወረቀት በእጄ ይዣለሁና የማውቀውን ሳልናገር መቃብር ልወርድ አልፈልግም።

የእኛን ዘመን አስታውሱ። ጨብጥ፣ ቂጥኝ፣ ከርክር፣ ባምቡሌ እያልን በሹክሹክታ እናወራ ነበር። ጨብጥ የያዘው ጎረምሳ በእኩዮቹ ዘንድ «ወንድ ወጣው» ይባላል፤ መርፌውን ተወግቶ ወደነበረበት ይመለሳል። ሴቷን ግን ማን ጠየቃት? ወልዳ መሳም የተሳናት ሚስት መካን ተብላ ጓዟን ጠቅልላ ወደ አባቷ ቤት ስትመለስ፣ ስንቶቻችን በሽምግልና ተቀምጠን ነበር? ሳይታከም የቆየ ጨብጥ ወይም ክላሚዲያ የማህፀን ቱቦን ያቆስላል፤ ቁስሉ ሲጠግ ጠባሳው ቱቦውን ይዘጋዋል። ባልየው ከሌላ አምጥቶባት እንደሆነ የመረመረ ሽማግሌ አልነበረም። ከእነዚያ ሴቶች አንዳንዶቹ ዛሬም በሕይወት አሉ፤ እንደ እኛው አርጅተዋል፤ ጧሪ ልጅ ግን የላቸውም።

ይህ ያለፈ ታሪክ የሚመስለው ካለ ልብ ብሎ ይስማኝ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደገመተው እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ ከ15 እስከ 49 ዓመት ባሉ ሰዎች ላይ 374 ሚሊዮን አዲስ የክላሚዲያ፣ የጨብጥ፣ የቂጥኝና የትሪኮሞናስ ሕመም ደርሷል። በቀን ሲካፈል ከ1 ሚሊዮን ይበልጣል። አራቱም በመድኃኒት የሚድኑ ናቸው። ቂጥኝ ገና ሳይቆይ ከተደረሰበት በአንድ ጊዜ የፔኒሲሊን መርፌ ይድናል። ታዲያ ለምን አይጠፉም? ክላሚዲያ ከያዛቸው ሴቶች የሚበዙት ምንም አይሰማቸውም። በጤና ጣቢያዎቻችን ደግሞ ሕክምናው በአብዛኛው ምልክትን ተከትሎ የሚሰጥ ነው፤ ፈሳሽ አለ፣ ቁስል አለ፣ ንፍፊት አለ ተብሎ። ምልክት የሌላት ልጅ አትመጣም፤ ብትመጣም አትታይም። ውስጥ ውስጡን የሚሄደውን በሽታ የሚያወጣው ጥናት ብቻ ነው፤ ቤት ለቤት ሄዶ የሚጠይቅ፣ ናሙና ወስዶ በላቦራቶሪ የሚመረምር ጥናት።

ያን ጥናት በር ላይ የምንመልሰው ግን እኛ ነን።

በአንድ ቤት የሆነውን ልንገራችሁ። ጠያቂዋ መጠይቋን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። ተጠያቂዋ 16 ዓመቷ ነው፤ በነጠላዋ አፏን ሸፍና መሬት መሬቱን ታያለች። አባት እንደ ደንቡ ፈቃዱን ሰጥቷል፤ ግን አልወጣም። ጋቢውን ተከናንቦ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጧል። ጠያቂዋ በትሕትና «አባባ፣ ለብቻችን ብንሆን ይሻላል» ብትለው «ልጄ ከእኔ የምትደብቀው ነገር የላትም» አላት። ጥያቄው ከወንድ ጋር ስለ መገናኘት ሲደርስ ልጅቷ በዓይኗ ጠርዝ አባቷን አየችው። አባት ቀደማት፤ «እሷ ምን አውቃ! የለም ብለሽ ጻፊ» አለ። ጠያቂዋ እስክሪብቶዋን አሳርፋ ጠበቀች። ልጅቷ ቆይታ በቀስታ «የለም» አለች። ጠያቂዋም የተባለችውን ጻፈች፤ ሌላ ምን ልታደርግ ትችላለች? እንዲህ ያለው «የለም» ከሌላው ቤት «የለም» ጋር ተደምሮ የአገር ቁጥር ይሆናል። መድኃኒቱ፣ መመርመሪያው፣ የባለሙያው ቅጥር የሚታቀደው በዚያ ቁጥር ነው።

አባትየው ክፉ ሰው አልነበረም። ልጁን የሚወድ፣ በሰፈሩ የተከበረ ሰው ነው። የሚያስፈራኝም ይኸው ነው።

እንዲህ ተሸፋፍኖም ቢሆን የወጣውን እዩ። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ከ25 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶች ግማሾቹ ያገቡት 17 ዓመት ከጥቂት ሳምንታት ሳያልፋቸው ነው። ግማሾቹ ግንኙነት የጀመሩት ደግሞ 17 ዓመት ሳይሞላቸው ነው። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ለጋብቻ 18 ዓመት ይላል። ወንዶቹ የሚያገቡት ከሴቶቹ ከስድስት ዓመት በላይ ዘግይተው ነው። ይህን ልዩነት አስቡት። ብዙዋን ልጅ በሽታው የሚያገኛት ስለባለገች አይደለም፤ እኛው መርቀን፣ ድንኳን ጥለን፣ ያለፈ ታሪኩን ሳንጠይቅ ለሰጠናት ባል በታመነችበት ቤት ነው። ሰውነቷም ገና ነው፤ በዚያ ዕድሜ የማህፀን በር ስስ ነው፣ ለጀርም ይመቻል። ልጃችንን በጊዜ ዳርናት፣ ከክፉ አዳንናት እያልን የምንጽናናው መጽናናት መሠረት የለውም።

ኤች አይ ቪንም ረስተነዋል። በ1978 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሕሙማን በአገራችን ሲመዘገቡ የባዕድ በሽታ ነው ብለን ተቀመጥን። ከዚያ በኋላ የእድር ድንኳን ከአንዱ ደጅ ተነቅሎ ሌላው ደጅ እስኪተከል ፋታ ያጣንበትን ጊዜ ታስታውሳላችሁ። «በድንገተኛ ሕመም» እያልን ስንቱን ወጣት ቀበርን። መድኃኒቱ በነፃ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። ዛሬ የሚሞተው ስለቀነሰ የሚያዘውም የለም ብለን አምነናል። በ2010 ዓ.ም. በከተሞች በተደረገው ጥናት ግን ከ15 እስከ 64 ዓመት ካሉት 3 በመቶ ያህሉ ቫይረሱ በደማቸው ተገኝቷል፤ የሴቶቹ ከወንዶቹ እጥፍ ይበልጥ ነበር። በ2008ቱ ዳሰሳ ከ15 እስከ 24 ዓመት ካሉት ስለ ኤች አይ ቪ የተሟላ እውቀት ያላቸው ከሴቶቹ 24 በመቶ፣ ከወንዶቹ 39 በመቶ ብቻ ናቸው። የእኛን ለቅሶ ያላየ ትውልድ ነው፤ የነገርነውም ጥቂት ነው።

«ትምህርት ቤት ይማሩት» የሚል መልስ ከብዙዎቻችሁ ሰምቻለሁ። ለዚህ መልስ ከታንዛኒያ የመጣ ማስረጃ አለኝ፤ እባካችሁ ታግሳችሁ አንብቡት። በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳርቻ በምዋንዛ አካባቢ ሁለት ትልልቅ ጥናቶች ተካሂደዋል። የመጀመሪያው ውጤት እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣ ነው። በገጠር ጤና ጣቢያዎች የአባላዘር ሕክምና እንዲሻሻል ተደረገ፤ ባለሙያው ሠለጠነ፣ መድኃኒቱ ሳይቋረጥ ቀረበ። ሕክምናው በተሻሻለባቸው መንደሮች አዲስ የኤች አይ ቪ መያዝ 40 በመቶ ያህል ቀነሰ። ቁስሉን ማከም ለቫይረሱ የተከፈተውን በር መዝጋት ነበርና።

ሁለተኛው ስለ ልጆች ነው። እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ በ20 ማኅበረሰቦች ውስጥ ከ9 ሺህ በላይ ጎረምሶችና ልጃገረዶች ተመዝግበው ለዓመታት ክትትል ተደረገባቸው። በግማሾቹ ማኅበረሰቦች በትምህርት ቤት ስለ በሽታውና ስለ ጥንቃቄው በደንብ ተማሩ፤ ጤና ጣቢያዎቹም ለወጣት የተመቹ እንዲሆኑ ተሠራ። ሲጠየቁ በሚገባ መለሱ፤ እውቀታቸው ጨምሯል፣ እንጠነቀቃለን የሚሉትም በዝተዋል። ደማቸውና ሽንታቸው ሲመረመር ግን በኤች አይ ቪም ሆነ በአብዛኞቹ የአባላዘር በሽታዎች ካልተማሩት ጋር የጎላ ልዩነት አልታየም። ከዓመታት በኋላ ዳግመኛ ተመርምረው በኤች አይ ቪ ረገድ የተገኘው ያው ነበር። አጥኚዎቹ የደረሱበት ድምዳሜ ልጆቹን ለብቻ ማስተማር እንደማይበቃና በዙሪያቸው ያለው ጎልማሳና አዛውንት ጭምር መለወጥ እንዳለበት ነው።

ስለዚህ «መምህሩ ይንገራቸው» ማለት አያድነንም። ልጅቷ ክፍል ውስጥ የተማረችውን ይዛ ስትወጣ የምትገናኘው ከእኛ ጋር ነው። የትምህርት ቤት ክፍያዋን እከፍላለሁ፣ ስልክ እገዛልሻለሁ የሚላት፣ ወጣቶቹ ሹገር ዳዲ የሚሉት ሰው ከየት የመጣ ይመስላችኋል? እኛው አጠገብ እድር የሚቀመጥ፣ በሠርግ ላይ ከፍ ብሎ የሚቀመጥ ሰው ነው። አንዳንዱን በስም እናውቀዋለን፤ አውቀንም «ገንዘቡ ነው፣ ምን አገባን» እንላለን። ይህን ሰው ገላጋይ አድርጎ ማስቀመጥ ለበሽታው ከትልቅ ወደ ትንሽ መሻገሪያ መስጠት ነው። ከሽምግልና ወንበር ይነሳ። ከዚህ ያለዘበ ቃል የለኝም።

የጥናቱን ነገር አንድ ጊዜ ልመለስበት፤ ጊዜው ከፍቷልና። ከ1992 ዓ.ም. ጀምሮ በየጥቂት ዓመቱ የተደረጉትን ዳሰሳዎች በገንዘብና በሙያ ሲደግፍ የነበረው የአሜሪካ ፕሮግራም በ2017 ዓ.ም. የአሜሪካ የውጭ እርዳታ መቆም ሲታወጅ አብሮ ተቋርጦ ነበር። የውጭ ድጋፍ እንዲህ ሊቋረጥ ስለሚችል፣ ቁጥሩን ለማግኘት የራሳችን ሰዎች ድካምና የራሳችን ፈቃድ የግድ ነው። በር ላይ የምንመልሰው ጠያቂ በቶሎ የሚተካ አይደለም።

ስለ ክትባቱም ሰምታችኋል። የማህፀን በር ካንሰር የሚመጣው በግንኙነት ከሚተላለፍ ቫይረስ ሲሆን፣ በአገራችን ሴቶች ላይ ከሚታዩት ካንሰሮች ከጡት ካንሰር ቀጥሎ ይመደባል። ክትባቱ በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች ተጀመረ፤ በኅዳር 2017 ዓ.ም. ከ9 እስከ 14 ዓመት ላሉት ሁሉ በአንድ መርፌ እንዲሰጥ ተደረገ። «ያመክናል» እየተባለ በየቡናው የሚወራውን አትቀበሉ፤ ያመከነን ምን እንደሆነ ከላይ ጽፌላችኋለሁ። የልጅ ልጃችሁ ከትምህርት ቤት ወረቀት ይዛ ስትመጣ አስከትቧት።

አሁን ደግሞ የታመመውን ልጅ አስቡ። ጤና ጣቢያ ሄዶ ካርድ ክፍል መስኮት ላይ ሲደርስ ከኋላው የተሰለፈችው የእናቱ ጓደኛ ናት። ጸሐፊዋ ድምፅዋን ሳትቀንስ «ምንህን ነው ያመመህ?» ትለዋለች። «ራሴን» ብሎ ካርዱን ሳይወስድ ይወጣል። ከዚያ ጓደኛው ወደ ነገረው መድኃኒት ቤት ሄዶ ያለ ማዘዣ ጥቂት ፍሬ ካፕሱል ይገዛል፤ ሕመሙ ጋብ ሲልለት ቀሪውን ይተወዋል። ጨብጥ እንዲህ እንዲህ እያለ ፔኒሲሊንን ለመደ፣ ቴትራሳይክሊንን ለመደ፣ ሲፕሮፍሎክሳሲንንም ለመደ። ያለን ዋና መድኃኒት ሴፍትሪያክሶን የሚባለው መርፌ ነው፤ በአንዳንድ አገሮች እሱንም የተቋቋመ ጨብጥ ተገኝቷል።

በጤና ጣቢያችሁ ቦርድ ውስጥ የምትቀመጡ አላችሁ። የካርድ ክፍሉ መስኮት እንዲህ እንዳይሆን ማድረግ በእጃችሁ ነው፤ ለወጣቱ የተለየ ሰዓት፣ የሚዘጋ በር ጠይቁ። ቤታችሁ ያለው ልጅ የመታከሚያ ገንዘብ ሲጠይቃችሁ ስጡት፤ ምን እንደሆነ እስኪናገር አታስጨንቁት። ደግሞም አንዱ ታክሞ ሌላው ከቀረ በሽታው በሳምንቱ ይመለሳል። ሴቷ ታክማ ባሏ ወይም እጮኛዋ «እኔ ደህና ነኝ» ብሎ ሲቀር ጠርታችሁ አናግሩት። ከጤና ባለሙያው ይልቅ የእናንተን ቃል ይሰማልና፣ አብራችሁት እስከ ጤና ጣቢያው ድረስ ሂዱ።