በኮንክሪት የተተከለ የአጥር ቋሚ ሲበሰብስ



አጥር ከሩቅ ሲታይ ሙሉ ይመስላል፤ ድካሙ የሚታወቀው ሰው ሲደገፈው ነው። በደረጃ ጠርዝ ወይም በቁልቁለት መንገድ ላይ የቆመ አጥር ለአረጋዊ አባት ምርኩዝ፣ በጉዞ ለደከመ ተሳላሚ መደገፊያ ነው። ስለዚህ የአንድ ቋሚ መበስበስ የአንድ ሰው መውደቂያ ሊሆን ይችላል። በዚህ ዓምድ በኮንክሪት ውስጥ የተተከለ እንጨት እንዴት እንደሚመረመርና እንዴት እንደሚለወጥ እንመለከታለን።

በአገራችን ክረምቱ በሰኔ ይገባል፤ በኢየሩሳሌም ግን ዝናቡ በአብዛኛው ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ይወርዳል፤ በጋው ደረቅ ነው። ምርመራው ከዝናቡ በፊት ይሁን። ቋሚው ከመሬት ጋር በሚገናኝበት ቦታ የቢላዋ ጫፍ ይወጋበት፤ ጤነኛ እንጨት ጫፉን ይመልሳል፤ የበሰበሰው ግን እንደ ቆሎ ዱቄት ይቀበለዋል። ከላይ ያማረ ቀለም ማንንም አያታልል።

እንጨትን የሚያበሰብሰው ውኃው ራሱ አይደለም፤ በርጥበት የሚያድግ ፈንገስ ነው። ፈንገሱ ርጥበትንም አየርንም ይሻል። ከመሬት በታች በጥልቀት አየር ያንሳል፤ ከመሬት በላይ ፀሐይና ነፋስ ያደርቃሉ፤ ሁለቱም በበቂ የሚገናኙት በአፈሩ ገጽ አካባቢ ነው። ብዙ ቋሚ በዚያው የሚሰበረው ስለዚህ ነው። ኮንክሪት ደግሞ ነገሩን ሊያብስ ይችላል። እንጨቱ በበጋ ደርቆ ሲኰማተር በመካከላቸው ክፍተት ይፈጠራል፤ ዝናብ ሲመጣ ውኃው በዚያ ይወርዳል፤ ኮንክሪቱ ከታች የተዘጋ ከሆነም እንደ ጽዋ ይይዘዋል። የእንጨቱ ዓይነትም ለውጥ ያመጣል። የጥድና የወይራ ልብ ብዙ ዘመን ሲቆይ፣ መድኃኒት ያልተቀባ ባሕር ዛፍ ግን በመበስበስና በምስጥ ቶሎ እንደሚጠፋ የገጠር ልጅ ሁሉ ያውቀዋል።

ከመቆፈር በፊት አንድ ጥያቄ ይቀድማል፤ ይህ ቋሚ የአትክልት አጥር ነው ወይስ የወሰን ምልክት? ለአትክልት አጥር ቀላሉ መንገድ አሮጌውን ኮንክሪት በመሬት ውስጥ ትቶ አዲሱን ከጎኑ መትከል ነው። በወሰን ላይ ግን ይህ አይገባም። የባልንጀራን ወሰን ማፍለስ በሕገ ኦሪት የተከለከለ ነው። በቅዱሳት መካናት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1852 የኦቶማን ሡልጣን አዋጅ ባጸናው ነባር ሥርዓት መሠረት አንድን ስፍራ መጠገን የይዞታን መብት እንደማንሣት ይቆጠራል። አንድ ስንዝር የተዛወረ እንጨት የዘመናት ክርክር ሊቀሰቅስ ይችላል። ስለዚህ ሥራው ለአበምኔቱ ይነገር፤ ጎረቤትም ይወቅ፤ የቋሚው ቦታ ከሁለት የማይነቃነቁ ነገሮች በገመድ ይለካ፤ ፎቶ ይነሣ፤ አዲሱም በዚያው ጉድጓድ ይቁም።

ቁፋሮም የራሱ ሕግ አለው። እ.ኤ.አ. በ1978 በወጣው የእስራኤል የቅርሶች ሕግ፣ የቅርስ ቦታ ተብሎ በታወጀ መሬት ላይ ያለ ጽሑፍ ፈቃድ መቆፈር ክልክል ነው፤ አሮጌው ከተማ ከእነዚህ አንዱ ነው።

ቋሚውን ለማውጣት በቅድሚያ ግራና ቀኙ አጥር በእንጨት ይደገፍ፤ አግዳሚዎቹም ይፈቱ። ከዚያ በኋላ ሁለት መንገድ አለ። ኮንክሪቱ ደኅና ከሆነና እንጨቱ ፈጽሞ ከበሰበሰ፣ ጉቶውን በትራፓኖ በስቶ በመሮ ፈልፍሎ ማውጣትና ተመሳሳይ ውፍረት ያለው አዲስ ቋሚ በዚያው ማስገባት ይቻላል። የጉድጓዱ ወለል የተዘጋ ከሆነ ግን በዲጂኖ ተበስቶ ውኃው ወደ ታች የሚሄድበት መንገድ ሊኖረው ይገባል፤ አለዚያ አዲሱም እንደ አሮጌው ይሆናል።

ኮንክሪቱ ከተሰነጠቀ ግን በሙሉ ይውጣ። 30 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 60 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ክብ ኮንክሪት ወደ 100 ኪሎ ይመዝናልና ማንም በወገቡ ሊያነሣው አይሞክር። በአንድ ወገን አፈሩ በዶማና በአካፋ ሰፋ ተደርጎ ይቆፈር፤ ኮንክሪቱም በሰንሰለት ይታሰር፤ በጠንካራ ሳንቃ ላይ በተቀመጠ ክሪክ ቀስ እያለ ይነሣ። ከፍ ባለ ቁጥር ድንጋይ ከሥሩ ይግባ፤ እጅም እግርም ከሥሩ አይግባ።

ሲተከል ከጠቅላላው ርዝመት ከሩብ እስከ ሲሶ የሚሆነው በመሬት ውስጥ ይሁን። ከታች ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ጠጠር ይነጠፍ፤ የቋሚው ጫፍ በጠጠሩ ላይ ይቁም እንጂ ኮንክሪት ከሥሩ አይዝጋው። የተቆረጠው ጫፍ የእንጨት መከላከያ ይቀባ። በሁለት ጎን በውኃ ልክ ተስተካክሎ በድጋፍ ከታሰረ በኋላ ኮንክሪቱ ይፍሰስ፤ አናቱም ከአፈሩ ጥቂት ከፍ ብሎ ወደ ውጭ ያዘቅዝቅ። ከደረቀ በኋላ በእንጨቱ ዙሪያ የሚታየው ክፍተት በሚለጠጥ ማሸጊያ ይዘጋ፤ በየዓመቱም ይታይ። አግዳሚዎቹ ለጥቂት ቀናት አይሰቀሉበት፤ ኮንክሪቱም እንዳይሰነጠቅ ጧትና ማታ ይርጠብ።

የኢየሩሳሌም ዓለት በብዙ ስፍራ ቅርብ ስለ ሆነ ጥልቅ ጉድጓድ የማይገኝበት ጊዜ አለ። በዚያ ዝገት በማይዘው ብረት የተሠራ ጫማ በብሎን ታስሮ እንጨቱ ከመሬት ጥቂት ከፍ ብሎ ቢቆም ይሻላል። መሬት ያልነካ እንጨት በዝናብ ቢርስም ነፋስ ያደርቀዋል።

እንግዲህ በየገዳሙ ከጥቅምት በፊት ቢላዋ ይዞ በየቋሚው ሥር የሚዞር አንድ ሰው ይመደብ። ከሰዓት የማያልፈው ይህ ሥራ የሚደገፉብንን ሰዎች ከመውደቅ ይጠብቃል።

ቸር ያሰንብተን።