ደዌን ዳኛ ያደረገው ማነው?

«በደዌ ዳኛ፣ በአልጋ ቁራኛ የተያዘ»። ይህን ሐረግ ያልሰማ ከመካከላችን ማን አለ? በጸሎቱም፣ በእርዳታ ጥሪውም፣ በለቅሶ ቤት ወጉም አለ። ባለፈው እትማችንም አንድ ወንድማችን የዘመኑን ወጣት በደዌ ዳኛ የተያዘ አድርጎ ሰድቦበታል። ቤት መታለት፤ ሳቅን፤ አጨበጨብን። እኔም አጨብጭቤአለሁ። ዛሬ ግን እጄን ሰብስቤ እጠይቃለሁ፤ ለመሆኑ ደዌን በዳኝነት ወንበር ያስቀመጠው ማነው?

ደዌ ከግዕዝ የወረስነው ቃል ነው። ደወየ ማለት ታመመ፣ ድውይ ማለትም በሽተኛ ነው። በቃሉ ውስጥ ክስ የለም፤ ፍርድም የለም። ክሱን ያመጣነው እኛ ነን። ቁራኛ ምን እንደ ነበር አስታውሱ። በድሮው ሙግት ከሳሽና ተከሳሽ በኩታ ጫፍ ተቋጥረው ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበር። ሐረጉ ያንን ሥርዓት ወስዶ አልጋውን አብሮ የታሰረ፣ ደዌውን ፈራጅ አደረገው። ውብ ነው፤ አልክድም። ግን እኮ ዳኛ ካለ ፍርድ አለ፤ ፍርድ ካለ ጥፋት አለ። ታዲያ የታመመው ሰው አጥፊ ነው ማለት አይደለም?

«ቃል ነው፤ ምን አካበድሽው!» የምትሉኝ አትጠፉም። እሺ፣ ስሙኝ።

አክስቴ ክንዷ ላይ ነጣ ያለ፣ ቢቆነጥጡት የማይሰማት ምልክት ወጣባት። አራት ዓመት ሙሉ በእጅጌዋ ሸፈነችው። በኋላ፣ «እቴቴ፣ ምነው ሐኪም ቤት ሳትሄጂ?» ብላት፣ «ልጄ፣ የተፈረደብኝን ማን ይሽርልኛል?» አለችኝ። ይግባኝ የሌለው ፍርድ መስሏት ነበር! እስከዚያ ድረስ ጣቶቿ ታጥፈው ስኒ መያዝ አቅቷታል።

በሽታዋ የሥጋ ደዌ ነበር። ፈራጅ የተባለው ደግሞ ኖርዌጂያዊው ሐኪም ሐንሰን በ1873 እ.ኤ.አ. በማጉያ መነጽር ያየው ተሕዋስ ነው። ተሕዋሱ ነርቭን ይጎዳል፤ እጅ ሲደነዝዝ እሳቱም ስለቱም አይሰማም፤ ቁስሉ ሳይታወቅ ይብሳል። ይኸው ነው ምሥጢሩ። በ1981 እ.ኤ.አ. የዓለም ጤና ድርጅት ለዚህ በሽታ መድኃኒቶች ተጣምረው እንዲሰጡ መከረ። ዛሬ እንደ በሽታው ዓይነት 6 ወይም 12 ወር መድኃኒቱን የወሰደ ይድናል። ነርቭ ከተጎዳ በኋላ ግን የታጠፈውን ጣት ኪኒን አይዘረጋውም። አለርትም እዚሁ አዲስ አበባ፣ ዘነበወርቅ ሰፈር፣ ከ1965 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። እንግዲህ አክስቴን ከሐኪም ቤት ያስቀራት ርቀቱ ብቻ ነው ትላላችሁ? እኔ ቃሉም ነው እላለሁ።

መጽሐፍን ጠቅሶ ለሚሟገተኝም መልስ አለኝ። ኢዮብን «ኃጢአትህ ነው» ብለው የነዘነዙት ወዳጆቹ ነበሩ። በታሪኩ መጨረሻ የእግዚአብሔር ቁጣ የነደደው በማን ላይ ነው? በእነዚሁ ወዳጆች ላይ!

አማርኛችን ራሱ እኮ ከእኛ ይሻላል። «አመመኝ» እንላለን። አድራጊው በሽታው፣ ተደራጊው እኔ። «መታኝ»፣ «ሰረቀኝ» እንደምንለው ማለት ነው። በሰዋስው እንኳ ታማሚ ተበዳይ ነው እንጂ ተከሳሽ አይደለም። ይህን ትተን ነው በሻይ ክበብ «አንተ ቆማጣ!» እየተባባልን የምንሳሳቀው፤ ጉቦውንም ስንፍናውንም «የዘመናችን ደዌ» እያልን ግጥም የምንጽፈው። ጉቦ ጉቦ ነው፤ ሠሪው ያውቀዋል፣ ሊተወውም ይችላል። አክስቴ ምን ሠራች? ምንስ ልትተው?

ገጣሚ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ቃሉን ከመዝገበ ቃላት ፋቁት አላልኩም። ስለ ሕመም ጻፉ፤ ስለ ሥቃይም ጻፉ። ደዌን ግን ከዳኝነት ወንበሩ አውርዱትና ተከሳሽ ሳጥን ውስጥ አቁሙት።

ከሳሿ አክስቴ ናት። እኔም ምስክር ነኝ።