በውድ መራብ

«ዳይት ላይ ነኝ» ማለት በየዶርሙ የሥልጣኔ ምልክት ሆኗል። እራት መዝለል፣ ጠዋት የሎሚ ውኃ፣ ማታ «የሚያከሳ ሻይ»፣ ከዚያ ሚዛን ላይ ወጥቶ ማኩረፍ! እኛ ግን እንጠይቃለን፦ ለመክሳት ሲባል መራብ ጥቅሙ ነው ጉዳቱ የሚያመዝነው? ጉዳቱ ነው እንላለን።

ለመሆኑ ሰውነት ርሃቡ በውድ ይሁን በግድ በምን ያውቃል? በ1937 ዓ.ም. በአሜሪካ ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ፣ አንሰል ኪስ የተባለ ተመራማሪ 36 ጤነኛ ወጣቶችን በፈቃዳቸው ለ6 ወር ያህል አስርቧቸው ነበር። ባዶ ሆዳቸውን አልዋሉም፤ በቀን 1,570 ካሎሪ ገደማ ይበሉ ነበር። ዛሬ ለመክሳት ተብሎ የሚበላው ብዙ ጊዜ ከዚያ ያንሳል። ክብደታቸው በሩብ ቀነሰ። ግን ምን ዋጋ አለው? ብርድ አልለቅ አላቸው፣ የልብ ምታቸው ዘገየ፣ ትካዜና ንጭንጭ ወረሳቸው፣ ወሬያቸው ሁሉ ምግብ ሆነ። በኋላ እንደ ልብ ብሉ ቢባሉም አንዳንዶቹ ጥጋብ የሚባል ነገር ጠፋባቸው።

ነገሩ ግልጽ ነው። ሰውነት እንደ ደጋ ገበሬ ነው፤ ክፉ ቀን ሲመጣ ወጪ ይቀንሳል፣ እህል ሲገኝ ጎተራውን ይሞላል። ለዚህ ነው በዳይት የጠፋው ውፍረት ለብዙው ሰው በጥቂት ዓመታት ውስጥ የሚመለሰው። ትርፉ ራስን መጥላት ብቻ!

አያቶቻችን «ወፈርሽ፣ አማረብሽ» ሲሉ መመረቃቸው ነበር፤ ክፉ ቀንን ያውቁታላ። እሩቅ አንሂድ፤ የ2015 ክረምት ዝናቡ ቀርቶ፣ በ2016 ዓ.ም. በእኛው ሰሜን ጎንደር፣ በጃን አሞራና በበየዳ ሰው ተርቧል። የተራበ አለና እናንተ ብሉ አይደለም የምንለው። ርሃብ ጌጥ አይሆንም ነው የምንለው።

«ትጾሙ የለም ወይ?» የሚሉን አሉ። እንጾማለን እንጂ! ግን ጾም የሚያዝበትና የሚፈታበት ቀን አለው። ሁዳዴም ሆነ ረመዳን ከጎረቤት ጋር ይያዛል፣ ከጎረቤት ጋር ይፈታል፤ መስታወት ፊት አያቆምም።

ሐኪም መርምሮ፣ ለምሳሌ ለስኳር በሽተኛ፣ ክብደት ቀንስ ቢል ያ ሕክምና ነው፤ አንነካውም። የምንቃወመው ሐሜት ያዘዘውን ርሃብ ነው።

እንግዲህ እኅቶቻችን፣ ወንድሞቻችን፦ እራታችሁን ብሉ። ፒያሳ ስትሄዱ ባጃጁን ትታችሁ በእግራችሁ ሂዱ። ጓደኛችሁን በውፍረቷ አትቀልዱባት። ሚዛኑንም ለቅዳሜ ገበያ እህል ተዉት!