«እስከ 12ኛ ክፍል» የሚለው ቃል ይጠበቅ



ከላምበረት ወደ ኮተቤ በሚወስደው መንገድ፥ ወሰን ከተባለው ሠፈር የምኖር የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነኝ። በዚህ ሠፈርና ከእንጦጦ ኮረብታዎች በታች ባለው አካባቢ የግል ትምህርት ቤቶች በብዛት ተከፍተዋል። ከእነዚሁም መካከል የክርስቲያን ትምህርት ቤት መሆናቸውን የሚናገሩ አሉ። በበራቸው ሰሌዳ ላይም «ከመዋለ ሕፃናት እስከ 12ኛ ክፍል» የሚል ቃል ይነበባል። ዛሬ ብዕሬን ያነሣሁት ስለዚችው ቃል ጥቂት ለመናገር ስለ ሆነ አንባብያን በትዕግሥት እንዲመለከቱልኝ እለምናለሁ።

የእነዚህ ትምህርት ቤቶች ጠላት እንዳልመስል አስቀድሜ አንድ ነገር ልግለጽ። ከአንደኛ እስከ 12ኛ ክፍል የተማርሁት በሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው። አባቴ በዘበኝነት ሥራ ይተዳደር ስለ ነበር ሌላው ከሚከፍለው ግማሹን ብቻ እንዲከፍል ተፈቅዶለት ነበር። ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ በሒሳብ ወድቄ ክፍሉን ደገምሁ። አባቴ ካርዱን አይቶ «እንግዲህ ያስወጡሃል» አለና እራቱን ሳይበላ አደረ። ነገር ግን ማንም አላስወጣኝም። ቁጣዋን እንደ መብረቅ የምንፈራት አንዲት መነኩሴ መምህርት እኔንና ሌሎች አራት ልጆችን ከምሳ በኋላ እያስቀረች ዓመቱን ሙሉ አስተማረችን። ዛሬ እኔ ራሴ የሒሳብ መምህር መሆኔን ብትሰማ ምን ትል እንደ ነበር እግዚአብሔር ይወቅ።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልመለስ። ባለፈው መስከረም አንድ ልጅ 11ኛ ክፍል ሊማር ወደ እኛ መጣ። እኛ ማለቴ የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። ልብሱ ንጹሕ፥ እንግሊዝኛው የተቃና፥ ታላቅ ሲያይ ከመቀመጫው የሚነሣ ጨዋ ልጅ ነው። መሸኛ ደብዳቤውን ብመለከት ከአራት ዓመቱ ጀምሮ ዐሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ በአንድ የክርስቲያን ትምህርት ቤት የተማረ ሆኖ አገኘሁት። ስለ ምን እንደ ለቀቀ ብጠይቀው አንገቱን ደፍቶ «ቲቸር፥ አማካይ ውጤቴ ከ70 በታች ስለ ሆነ ለ11ኛ አንመዘግብህም አሉኝ» አለ። ይህ የ70 ደንብ ልጁ በአራት ዓመቱ ሲመዘገብ አልነበረም። የወጣው 10ኛ ክፍል ከደረሰ በኋላ ነው።

እናቱ በአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ናቸው። ለወላጆች ስብሰባ በመጡ ጊዜ «ለምን አልተከራከሩም?» ብላቸው፥ «መምህር፥ ታናሽ እኅቱ እኮ እዚያው ሦስተኛ ክፍል ናት። በእርስዋ ቂም ቢይዙብኝስ?» አሉኝ። ዐሥራ ሦስት ዓመት ከደመወዛቸው እየቀነሱ የከፈሉ ሴት፥ ምን አጠፋን ብሎ ለመጠየቅ እንኳ ፈሩ።

የአንድ ልጅ ነገር ብቻ ቢሆን ኖሮ ጋዜጣውን ባላስቸገርሁ። ነገር ግን መስከረም በጠባ ቍጥር እንዲህ ያሉ ልጆች ሁለትም ሦስትም ሆነው ወደ ክፍሌ ይመጣሉ። አንዳንዶቹ ክፍያው ከወላጆቻቸው አቅም በላይ የሆነባቸው ናቸው። አንዳንዶቹ ግን ገንዘቡ ሳይጐድል ውጤታቸው ደከም ስላለ ብቻ «ለልጁ የሚበጀው ሌላ ቦታ ነው» ተብለው በትሕትና የተሸኙ ናቸው።

ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኒቨርስቲዎች ግቢ ሲሰጥ ለኩረጃ የነበረው በር ስለ ጠበበ የትምህርታችን ጉድለት ገሐድ ወጣ። በዚያ ዓመት ከተፈተኑት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያገኙት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ከመቶ 8.4 ሆኑ። ስለዚህ ወላጅ ትምህርት ቤት የሚመርጠው «ስንት አሳለፈ?» እያለ ነው። ትምህርት ቤቱም ይህን ስለሚያውቅ «መቶ በመቶ አሳልፈናል» የሚል ጨርቅ በበሩ ላይ ይሰቅላል። 40 ተፈትነው 40 ቢያልፉ በእውነት ደስ ያሰኛል። ነገር ግን እነዚያ 40 ልጆች 9ኛ ክፍል ሲገቡ 70 ነበሩ እንበል። ይህን ቍጥር ለምሳሌ ያህል አነሣሁት እንጂ የማንም ትምህርት ቤት አይደለም። ሠላሳዎቹ የት ደረሱ? ለተማሪዎቼ በየዓመቱ የማስተምረው ነገር ነው፤ ላዕሉን ሳይነኩ ታሕቱን ቢያሳንሱት ክፍልፋዩ ያድጋል። ይህንንም ለማድረግ አንድ ተጨማሪ ልጅ ማስተማር አያስፈልግም።

ማናቸውም ትምህርት ቤት ይህን ቢያደርግ የሚያስነቅፍ ነው። በክርስትና ስም የቆመ ሲያደርገው ግን ሌላ ጥያቄ ያስነሣል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 27 ምእመናን የሃይማኖት ትምህርት ተቋም እንዲያቋቁሙ ይፈቅዳል። በአንቀጽ 90 ደግሞ ትምህርት በማናቸውም ረገድ ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ ሆኖ እንዲሰጥ ያዝዛል። እንግዲህ መደበኛው ትምህርት ከሌላው ትምህርት ቤት ጋራ አንድ ከሆነ፥ የክርስቲያን ትምህርት ቤት ክርስቲያንነቱ በምን ይታወቃል? በእኔ አስተያየት ልጅ በሚቀበልበትና ልጅ በሚያሰናብትበት አኳኋን ነው። ዘጠና ዘጠኙን ትቶ አንዱን በግ ሊፈልግ የሄደውን እረኛ ታሪክ እነዚህ ትምህርት ቤቶች ከማንም የበለጠ ያውቁታል። ታዲያ ክረምት በገባ ጊዜ አንዱን አስወጥቶ በዘጠና ዘጠኙ መመካት ከወዴት መጣ?

የምናገረው በአገራችን ታይቶ የማይታወቅ ነገር አይደለም። በ1917 ዓ.ም. የተከፈተውንና በኋላ የእንጦጦ ቴክኒክና ሙያ ትምህርት ቤት የሆነውን የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ከጠላት ወረራ በኋላ ያስተዳደሩት የካናዳ ኢየሱሳውያን ነበሩ። እነዚህ ካህናት የክህነት ልብሳቸውን ትተው እንደ ማንኛውም መምህር ኮትና ሱሪ ለብሰው፥ ተማሪውንም ወደ ሃይማኖታቸው ሳይስቡ ያስተምሩ ነበር። አለቃቸው አባ ሉሲየን ማት በ1943 ዓ.ም. የተከፈተው የዩኒቨርስቲ ኮሌጅ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ለመሆን የበቁትም በዚሁ አሠራር ነው።

የግል ትምህርት ቤቶችም የራሳቸው ችግር እንዳለባቸው አልክድም። ብዙዎቹ በኪራይ ቤት ናቸው። የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ወረቀቱም ነዳጁም ተወድዶአል፤ መምህራኖቻቸውም እንደ እኛው የቤት ኪራይ ከፋዮች ናቸው። የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝም በመስከረም 2018 ዓ.ም. ተሻሽሎ የመጀመሪያ ዲግሪ ላለው ጀማሪ 11,500 ብር ቢደርስ፥ የሁለት ልጆች ክፍያ፥ ሰርቪስና ዩኒፎርም ሲታሰብለት የሚተርፈውን የጋዜጣው አንባቢ ከእኔ ይልቅ ያውቀዋል። ስለ ክፍያው ብዙ ተጽፎአልና እዚህ ላይ አልዘገይም። ደካማውን ልጅ ከምሳ በኋላ ለአንድ ሰዓት ማስቀረት ግን የሚጠይቀው ከገንዘብ ይልቅ ፈቃድ ነው።

የምለምነው ሁለት ነገር ነው። ትምህርት ቤቶቹ ልጅን በአራት ዓመቱ ሲመዘግቡ፥ እስከ 12ኛ ክፍል የሚቆየው በምን ውል እንደ ሆነ ከመመዝገቢያው ወረቀት ላይ ይጻፉ፤ በኋላ የሚወጣ ደንብም ቀድሞ የገባውን ልጅ አይንካ። ፈቃድ ሰጪው ባለሥልጣን ደግሞ ስንት አለፉ ብቻ ሳይሆን፥ 9ኛ ክፍል ከገቡት ስንቱ 12ኛ እንደ ደረሱ ከየትምህርት ቤቱ ተቀብሎ ለሕዝብ ይግለጽ። መንግሥት ለሚሰጠው ፈቃድ ግዴታ ማያያዙ እንግዳ ነገር አይደለም። በነሐሴ 1936 ዓ.ም. ስለ ሚሲዮኖች የወጣው ድንጋጌ እንኳ የሚሠሩበትን አገር ለይቶ፥ የማስተማሪያውም ቋንቋ አማርኛ እንዲሆን አዝዞ ነበር።

ልጁ ማክሰኞና ሐሙስ ከክፍል በኋላ ከእኔ ጋራ ይቀራል። በመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት በሒሳብ 64 አግኝቶአል። የእኔም ልጅ አራት ዓመት ስለ ሞላት ባለፈው ሳምንት በሠፈራችን ካሉት የክርስቲያን ትምህርት ቤቶች ወደ አንዱ ሄጄ፥ «ከአራት ዓመት በፊት 9ኛ ክፍል ስንት ልጆች ነበሩ? ከእነርሱስ ስንቱ 12ኛ ደረሱ?» ብዬ ጠየቅሁ። መዝጋቢዋ ጥቂት አሰቡና «እስከ ዛሬ እንዲህ ብሎ የጠየቀን የለም። መዝገቡን አይቼ ልንገርዎ፥ ሰኞ ይመለሱ» አሉኝ። ሰኞ እመለሳለሁ።

አንድ የሒሳብ መምህር
ከወሰን፥ የካ