መውጫ የሌለው ሐይቅ

ሐዋሳ ንጹሕና ለምለም ከተማ ናት እየተባለ ሲነገር ብዙ ዘመን ሆኖታል። በልዑል ራስ መንገሻ ስዩም የሲዳሞ ገዥነት ዘመን፥ በ1952 ዓመተ ምሕረት ገደማ፥ በፕላን የተቈረቈረች ስለ ሆነች መንገዷ ቀጥ ያለ፥ ዛፏም ጥላው የሰፋ ነው። የጎበኛት ሁሉ ያመሰግናታል፤ እኛም ምስጋናውን አንነፍጋትም። ነገር ግን ይህን ያህል እንግዳ የሚጎርፍባት ከተማ ተፈጥሮን ሳትጎዳ ለመኖር ይቻላታልን? ብሎ የሚጠይቅ ሰው መልሱን መፈለግ የሚገባው ከመንገድ ዳር ዛፍ ሳይሆን ከሐይቁ ዘንድ ነው።

የሐይቁ ስፋት 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጥቁር ውሃ የተባለው ወንዝ ከጨለለቃ ረግረግ ወጥቶ ይገባበታል፤ ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። ውሃውን ፀሐይ ትመጠዋለች፤ ፀሐይም ውሃውን እንጂ እድፉን አትወስድም። ስለዚህ ጎርፍ ያወረደው አፈር፥ ከጉድጓድ የሰረገው ፍሳሽ፥ ከእርሻ የታጠበው ማዳበሪያ ከገባ በኋላ መሄጃ የለውም። ጣና እንኳ ዓባይን የሚያህል መውጫ እያለው ከ2004 ዓመተ ምሕረት ወዲህ በእምቦጭ ሲጨነቅ አይተናል፤ መውጫ የሌለውማ እንዴት ይሆን? ጨለለቃም ራሱ ቀድሞ ሐይቅ ነበር። ለሐረር ከተማ የመጠጥ ውሃ ይሰጥ የነበረው የዓለማያ ሐይቅም በ1990ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ደርቆ፥ በኋላ ከፊሉ ቢመለስም፥ የሐረር ሰው ውሃ ከሩቅ በቧንቧ እስኪመጣለት ድረስ ተቸግሯል።

የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓመተ ምሕረት ሲከፈት፥ ፋብሪካዎቹ የተጠቀሙበትን ውሃ አጣርተው ደግመው እንዲሠሩበት እንጂ ወደ ውጭ እንዳይለቁት ተብሎ ተሠራ። ይህ ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ነገር ነው። እንግዲህ ከባለ ፋብሪካው ይህ ከተፈለገ፥ በሐይቁ አፋፍ የተሠራው ሆቴል ስለ ምን አይጠየቅም? የአንድ ሆቴል ፍሳሽ ጥቂት ነው ይባል ይሆናል፤ ነገር ግን ባለ ሆቴሉ የሚሸጠው ሐይቁን ነው። እንግዳው ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ተጕዞ የሚመጣው አልጋ ፍለጋ አይደለም፤ አልጋስ አዲስ አበባ ሞልቶለት ነበር።

እንግዳ ይቀነስ የሚል ምክር አንሰጥም፤ የጀልባ ቀዛፊው፥ የዓሣ ጠባሹና የአስተናጋጇ እንጀራ ከእንግዳ ነውና። በማለዳ ወደ አሞራ ገደል የወረደ ሰው ቆሮሶውና አምባዛው ከጀልባ ሲወርድ፥ ልጆች ሲበልቱት፥ አባ ኮዳውም እንደ ሽማግሌ ቆሞ የተጣለለትን አንጀት ሲለቅም ያያል። ከዓሣው የተረፈውን ሁሉ የሚያነሣ አለ፤ የውሃ ጠርሙሱንና ላስቲኩን ግን አባ ኮዳ እንኳ፥ ያን ያህል ሆዳም ሳለ፥ ሊጨርሰው አልቻለም። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ዓመተ ምሕረት የላስቲክ ከረጢትን የሚከለክል አዋጅ ማጽደቁ መልካም ነው፤ ሆኖም አዋጅ ከገበያው ካልደረሰ ወረቀት ሆኖ ይቀራል።

የሲዳማ ሽማግሌዎች ያለ ወረቀት ሲመክሩ ኖረዋል። በ2008 ዓመተ ምሕረት በዩኔስኮ መዝገብ የተጻፈው የፊቼ ጨምበላላ በዓል ከሚያስተላልፋቸው ምክሮች አንዱ ሀገር በቀል ዛፍ እንዳይቈረጥ ነው። የየገዳማቱንና የየአድባራቱን ደን እስከ ዛሬ ያቆየውም ከዘበኛ ዱላ ይልቅ የካህናት ግዝት ነው። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ቀን ለቅዱስ ገብርኤል ንግሥ ወደ ሐዋሳ ለሚተምመው ሕዝብ ካህናቱ ከስብከቱ በኋላ ስለ ሐይቁ አንድ ቃል ቢጨምሩ፥ ከማናቸውም ሹም ይልቅ ይሰማሉ።

ስለዚህ ይቻላታልን? ላልነው፥ ይቻላታል ብለን እናምናለን፤ በዛሬው አያያዝ ግን አይደለም። ማዘጋጃ ቤቱ የሆቴል ፈቃድ ከማደሱ በፊት፥ የመኝታውን ቍጥርና የግድግዳውን ቀለም ለጊዜው ትቶ፥ ፍሳሽህ ወዴት ይሄዳል? ብሎ ይጠይቅ፤ መልሱንም በጽሑፍ ብቻ ሳይቀበል ጉድጓዱን አስከፍቶ ይይ።